በቤት ውስጥ ብር ስለ ማንጠርና ስለ አሲድ ጢስ

መዘዞ በውጭ አገር ገበያ ስሟ የተጠራው ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በወጣው የኦፓል ድንጋይዋ ነው። ድንጋዩ ጥሬውን ከመሸጥ ይልቅ በቀለበትና በጉትቻ ተሰክቶ ቢሸጥ የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ማንም ነጋዴ ያውቃል። ነገር ግን ነጋዴው ለአንጥረኛው «ብሩ ንጹሕ ይሁን» ብሎ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ንጽሕናው በምን መንገድ እንደሚገኝ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው ስለዚሁ ነው።

አንጥረኛ ስሙን ያገኘው ከማንጠር ነው። የቀድሞው ማንጠር በእሳትና በወናፍ ነበር፤ ጢሱም ዐይን እያቃጠለ ሠራተኛውን ወደ ውጭ ያስወጣው ነበር። ዛሬ ግን ጠገራ ብር ወይም የተሰባበረ ጌጥ በናይትሪክ አሲድ የሚያሟሙ አሉ። በደጋ አገር ደግሞ ብርዱ በርና መስኮት ያዘጋል፤ የሥራው ክፍልና የልጆች መኝታም አንድ የሚሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ጉዳዩን በነጋዴ ሒሳብ እንመልከተው። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ከግማሽ ገደማ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ይህ አንድ ጠገራ በጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ የሚባል ቀይ ቡናማ ጋዝ ወደ 9 ሊትር ያህል ይወጣዋል። ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 4፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል የሚይዘው አየር 30,000 ሊትር ነው። እንግዲህ ክፍሉ ከተዘጋ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 300 እጁ መርዝ ሆነ ማለት ነው። የሥራ ጤና ባለሙያዎች ለሕይወት ወዲያው አስጊ ነው የሚሉት መጠን ግን ከ20 እጅ አይበልጥም። አንድ ጠገራ ብቻ ይህን ካደረገ፣ ዐሥር ጠገራ በአንድ ጊዜ የሚያሟሟው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ሕፃናት የሚጫወቱትም እዚያው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ማዘናጋቱ ነው። ጋዙን የሳበው ሰው ጥቂት ያስለውና ይተወዋል፤ ራቱን በልቶም ይተኛል። ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም በማግስቱ፣ ሳንባው ውኃ ይቋጥርና ትንፋሽ ያጥረዋል። በ1921 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ ባለ አንድ የሕክምና ቤት የራጅ ፊልም ተቃጥሎ 123 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ ከጢሱ ውስጥ አንዱ መርዝ ይኸው ጋዝ ነበር፤ በራሳቸው እግር ከወጡ በኋላ የሞቱም ነበሩ። ስለዚህ ቀዩን ጢስ የሳበ ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድና ምን እንደ ሳበ ለሐኪሙ መናገር አለበት። ወተት መጠጣት ለዚህ አይረዳም፤ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ጉዳቱ ያለው ግን ሳንባ ላይ ነው። ነጠላ በአፍንጫ ላይ መጠምጠምም ሆነ የአቧራ ጭምብል ማድረግ ጋዙን አያቆመውም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ነጋዴዎቹ እንመለስ። ለመሆኑ ጠገራውን ማሟሟት ግድ ነውን? በብዙ አገር ለጌጥ የሚፈለገው ከሺህ 925 እጅ ብር ነው። አንድ ጠገራ ከ34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ጋር በእሳት ቢቀልጥ 62 ግራም ባለ 925 ብር ይገኛል፤ አንድ ጠብታ አሲድ አያስፈልግም። እንግዲያው አስመጪዎቻችን አሲዱን በጀሪካን ከሚያስመጡ ማረጋገጫ ያለውን ንጹሕ ብር ቢያስመጡ ለገበያውም ለአንጥረኛውም ይሻላል። የውጭ ምንዛሪ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ኦፓል ወደ ውጭ የሚልኩት ነጋዴዎች ስለ ራሳቸው ዕቃ ሲሉ በዚህ ላይ መመካከር ይችላሉ።

ቅይጡ ያልታወቀ ጌጥ ግን መንጠሩ አይቀርም። ለዚህ የሚሆነው ከመኖሪያ ቤት የራቀ፣ ጐኑ ክፍት የሆነ፣ ጋዙን በማራገቢያ ስቦ በኮስቲክ ሶዳ ውኃ ውስጥ የሚያሳልፍ መሣሪያ ያለው፣ የሠለጠነ ሰው የሚጠብቀው አንድ የጋራ ዳስ ነው። አሲድ በውኃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃ በአሲድ ላይ አይጨመርም፤ ዕቃውም አፉ ተከድኖ አይታፈንም። ሰማያዊው እጣቢም ወደ ወንዝ አይደፋም፤ መዳብ አለበት።

ባለሱቆችንም አንድ ነገር እንለምናለን። በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ናይትሪክ አሲድ በውኃ መጠጫ ፕላስቲክ ተሞልቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት፣ ከዘይት ጐን ተቀምጦ አይተናል። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እየቀነሰ መሸጥ ልማዱ ሆኖበት ነው። አሲድ ከመጣበት ጠርሙስ አይገልበጥ፤ ስሙና አደጋው በአማርኛ ይለጠፍበት፤ የገዢውም ስም በመዝገብ ይያዝ።

ለዳሱ የሚያስፈልገው የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ቆርቆሮና ማራገቢያ ነው። ቆርቆሮ ነጋዴዎች ከመካከላችን አሉ። ቦታውን ማን ይሰጣል፣ ጠባቂውን ማን ይከፍላል የሚለውን የምክር ቤቱ አባላት በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲነጋገሩበት አሳባችንን እናቀርባለን።