ነገን ለወንድ ብቻ ማን ሰጠው?

አምቦ ውስጥ አንዲት ተማሪ ከመቶ ዓመት በኋላ ስላለው ዓለም ልብ ወለድ ጽፋ ብታመጣ ምን ትባላለች? መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል። «የፈረንጅ ነገር ተይና ስለ ፍቅር ጻፊ።» መካሪው ግን ተሳስቷል።

ናሎ ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ጃማይካ ተወለደች። በ16 ዓመቷ ካናዳ ገባች። በ2000 «ሚድናይት ሮበር» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ አሳተመች። ታሪኩ የሚጀምርባት ፕላኔት ስሟ የሄይቲን የባሮች አመፅ ከመራው ከቱሳን የተወሰደ ነው። ሕዝቡን የሚጠብቀው ኮምፒውተር ደግሞ የተሰየመው ከባርነት ያመለጡ ጃማይካውያንን በመራችው በናኒ ነው። አባቷ የበደላት ባለታሪክ፣ በካርኒቫል ወንዶች የሚጫወቱትን የሽፍታ ገጸ ባሕርይ ለራሷ ወስዳ ትነሳለች። የተጻፈውም በጓዳና በገበያ በሚነገረው የካሪቢያን ቋንቋ ነው። ታዲያ ፈረንጁ የቱ ላይ ነው? ሴትዮዋ የአያቶቿን ተረት ይዛ ነው ጠፈር የወጣችው። በ2021 የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፍት ማኅበር ትልቁን የክብር ማዕረጉን ሰጣት።

ለምዕራብ ሸዋ ልጅስ ምን ጎደላት? ሲንቄ አለች። ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት በትር ናት። ሴቶች ሲበደሉ እሷን ይዘው ይወጣሉ፤ በተጣሉ ሰዎች መሀል ሲቆሙም ጠቡ ይበርዳል። ማሽን ዳኛ በሚሆንበት ዘመን ሲንቄ ይዛ የወጣችን ሴት ማን ይሰማታል? ይህ ጥያቄ ብቻውን አንድ ልብ ወለድ ይወጣዋል።

«ሰው ሰላምና ዳቦ ባጣበት ጊዜ የምን ፕላኔት ነው?» የሚልም አይጠፋም። ናኒና ቱሳን የመሯቸው ባሮች ግን ጠግበው አልነበረም ያመፁት። ገና ያላዩትን ነፃነት አስቀድመው በሐሳባቸው ስላዩት ነው። ነገን ማሰብ የጥጋበኛ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ባሪያ የሚባል ሰው ዛሬም ከሰንሰለቱ ባልወጣ ነበር።

አምቦ በሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ትኮራለች፤ ይገባታልም። ጸጋዬ «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ የዴንማርክ ልዑል ባዕድ ነው ብሎ አልተወውም። ለእሱ የተፈቀደው የሩቅ ዓለም ለሴት ልጅ ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

እንግዲህ የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ የሥነ ጽሑፍ ክበባት ከእናትና ከፍቅር ሌላ አንድ ርእስ ይጨምሩ፦ «ከመቶ ዓመት በኋላ»። ልጅቷ በኦሮምኛም በአማርኛም ትጻፍ። ብቻ «ይሄ ያንቺ አይደለም» የሚላት አይኑር።