ባለቤቱ ማነው?

የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ባለቤት «መጀመሪያ ላይ ያለው ቃል ነው» እየተባለ የሚጠናው ነገር ለኔ አይዋጥልኝም። «ኢን መንዝ ፋርመርስ ግሮው ባርሊ» ሲባልስ? ገብሱን የሚያመርቱት ገበሬዎቹ ናቸው እንጂ መንዝማ አገሩ ነው። ባለቤቱ «ፋርመርስ» ነው።

«ዘ ቦይ ዊዝ ቴን ሺፕ ኢዝ ታየርድ» ደግሞ ይብሳል። ከግሱ አጠገብ አሥር በግ ስላለ ብዙ ልጅ «አር» ብሎ 8ኛ ክፍል ፈተና ላይ ማርክ ይጥላል። የደከመው እኮ እረኛው ነው፤ በጎቹማ ሲግጡ ነው የዋሉት!

ስለዚህ መጀመሪያ ግሱን ፈልገን «ማን?» ወይም «ምን?» ብለን እንጠይቅ ባይ ነኝ። በአማርኛ «መጣች» ካልን ባለቤቷ እዚያው ግሱ ውስጥ አለች። እንግሊዝኛው «ኬም» ግን ማን እንደመጣ አይናገርም፤ «ሺ» ተብሎ መጻፍ አለበት።