የጠበቀችውና ያልጠበቀችው

ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት የሚጻፈው የፍቅር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው። ወጣቱ ጠመንጃውን አንሥቶ ዱር ይገባል፤ እጮኛው ደጃፍ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ከድል በኋላ ሲመለስ ጠብቃው ከተገኘች ትመሰገናለች፤ ሌላ አግብታ ከተገኘች ግን ከሃዲ ትባላለች። እናንተም በዚሁ ርእስ ድርሰት ጻፉ ብትባሉ ይህንኑ መንገድ ትከተሉ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ሚዛናዊ አይደለም።

የጎንደርን ሁኔታ ተመልከቱ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ጎንደር ከተማ የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የነፃነት በዓል ስታደርግ ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች፤ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ይህም አምስት ዓመት ከስምንት ወር ያህል መሆኑ ነው። ጠላት ሲገባ በወገራ ወይም በዳባት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ የነበረችው፣ ነፃነት ሲመለስ ሃያን አልፋለች። ባል የሚመርጡላት ደግሞ ወላጆቿ ነበሩ። እጮኛዋ ወደ አርማጭሆ ወርዶ ከአሞራው ውብነህ ሠራዊት ጋር ይሁን፣ በጥይት ይውደቅ፣ ወይም የቆላው ንዳድ ይግደለው፣ በምን ታውቃለች? ለአርበኛ ፖስታ ቤት አልተከፈተለትም! አባቷ «የሞተ ሰው እስከ መቼ ትጠብቂያለሽ?» ቢላት ምን ብላ ትመልስ?

በርግጥ ፍቅር ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ ቆሞ አላለቀሰም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጠላት ከተገደሉ በኋላ ሐዘን ተቀምጠው አልቀሩም፤ ጦር እየመሩ በሸዋ ተዋጉ። ነገር ግን እርሳቸው የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ነበሩ፤ የሚከተላቸው ሰው አላጡም። የገበሬ ልጅ ከየት ታምጣ? የእርሷ ውጊያ ሌላ ነበር፤ በሶ መበጠስ፣ ቆሎ መቁላት፣ ስንቁን በሌሊት አሳልፎ መስጠት፣ ገበያ ውላ የጠላትን እንቅስቃሴ ሰምታ ማስተላለፍ። ይህን ሁሉ ስትሠራ ብትያዝ ቅጣቱ ቀላል አልነበረም።

በኅዳር 1934 ዓ.ም. ወደ መንደሩ የተመለሰ አርበኛ እጮኛውን ልጅ አዝላ ቢያገኛት ማዘኑ የማይቀር ነው፤ ማዘኑንም አልነቅፍም። ከሃዲ የሚለው ቃል ግን ባንዳ ሆኖ ወገኑን ለጠላት ለሸጠ ሰው የሚገባ ነው። እርሱ በዱር ሳለ ከበላው በሶ ምናልባት አንዱ ከእርሷ ጓዳ፣ ያውም ካገባች በኋላ ከምትኖርበት ጓዳ የወጣ ይሆናል። ስለዚያ ጓዳ የጻፈ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።