አንጋፋ ድምፃውያን ከመድረክ መቼ ይውረዱ?

በየዓመቱ የትምህርት መዝጊያ በዓል ሲቃረብ አንድ ክርክር ይነሳል። በገዳሪፍ ከምንኖረው መካከል በወጣትነታቸው በባንድ የተጫወቱ፣ በሠርግ ቤት የዘፈኑ አባቶችና እናቶች ይጋበዙ? ወይስ የተቀዳ ሙዚቃ በትልቅ ስፒከር ተለቆ ይብቃ? ብዙ ተማሪዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ። «የድሮው ካሴት አለ፤ ጥሩው ድምፅ እዚያ ላይ ተቀምጧል፤ የደከመውን ለምን እንሰማለን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። «ታላቅን ማክበር ያስፈልጋል» ብሎ ማለፍም በቂ መልስ አይሆንም። ሙዚቃ የሚሰማው ለይሉኝታ ተብሎ አይደለምና።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ አንጋፋ ሙዚቀኛ መመዘን ያለበት የሃያ አምስት ዓመት ድምፁን በመድገሙ ሳይሆን፣ ዛሬ ባለው ድምፅ ዘፈኑን አድማጭ ዘንድ በማድረሱ ነው። ይህን እስከቻለ ድረስ መድረኩ ይገባዋል። ሳይችል ሲቀር ደግሞ በክብር ይሰናበት።

በመጀመሪያ ዕድሜ ምን እንደሚወስድ በግልጽ እንናገር። የድምፅ አውታሮች እየደረቁና እየጠነከሩ ይሄዳሉ። ሳንባ እንደ ቀድሞው አየር አይዝም፤ ስለዚህ ረጅሙ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ከፍተኛው ድምፅ ነው። ጊታር ወይም ሳክስፎን የሚጫወተው ሰው ደግሞ ጣቶቹ ይዘገያሉ። ነገር ግን ዕድሜ የማይወስደው አለ፦ ምት መጠበቅ፣ ቃልን አጥርቶ ማውጣት፣ የት ዝም ማለት እንደሚገባ ማወቅ። እንዲያውም እነዚህ በልምድ ይበረታሉ።

ብልህ ሙዚቀኛ በቀረው ነገር ይሠራል። ዘፈኑን አንድ ወይም ሁለት እርከን ዝቅ አድርጎ ይዘፍነዋል። ይህ ለባንዱ ቀላል ሥራ አይደለም። ኪቦርድ በአንድ ቁልፍ ሊቀየር ይችላል፤ ሳክስፎን የሚነፋው ግን ለዓመታት የለመደውን የጣት አቀማመጥ እንደገና ማጥናት አለበት፤ ክራርም እንደገና ይቃኛል። ከፍ የሚለውን ቦታ ተቀባዮች ይይዙለታል፤ የዘፈኖቹም ቁጥር ይቀንሳል። ይህ የድካም ምልክት ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን ሙያ ነው።

ማሕሙድ አሕመድን እንውሰድ። በልጅነቱ ጫማ ይጠርግ የነበረው ይህ የአዲስ አበባ ልጅ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ከአይቤክስና ከሮሃ ባንዶች ጋር ሠራ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ቆመ። በጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ አድናቂዎቹን ሲሰናበት ዕድሜው 83 ነበር። እዚያ የተሰበሰበው ሰው የ1960ዎቹን ድምፅ ፍለጋ አልመጣም፤ ያ በሸክላና በካሴት አለ። የመጣው ከስልሳ ዓመት በላይ የዘፈነን ሰው ፊት ለፊት ለማየትና አብሮት ለመዝፈን ነው። ማሕሙድም የመሰናበቻውን ቀን ለሌላ ሳይተው ራሱ በመድረክ ላይ ሆኖ «በቃኝ» አለ።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሠርቷል፤ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበር በየምሽት ቤቱ ተጫዋቹም ታዳሚው እስኪነጋ አብረው የሚቆዩበት ጊዜ ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ ኃይሉ እዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተን አካባቢም ታክሲ ነዳ። ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የድሮ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያገኘው እጁ አልዛገም ነበር። ሰባ ዓመቱን ካለፈ በኋላም አዲስ አልበም አወጣ። መድረክ ባይኖርም ልምምድ ካለ ዕድሜ ብቻውን ሙዚቀኛን አይጥልም ማለት ነው።

ሦስተኛው የሳክስፎኑ ሰው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው «ዘ ኤክስ» የተባለውን የሆላንድ የሮክ ባንድ እንዲያጅበው ራሱ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ፤ በብዙ አገርም ተጫወቱ። ጌታቸው የእነሱን ሮክ አልኮረጀም፤ እነሱም የእሱን ሽለላ አላለሰለሱም። ሽማግሌው ዜማውን ይዞ፣ ወጣቶቹ ጉልበቱን ይዘው ተገናኙ።

የምንኖርበትን አገር ሙዚቃም አንርሳ። የሱዳንም የኢትዮጵያም ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ በመሆኑ የገዳሪፍ ጎረቤቶቻችን የእኛን ዘፈን ሲሰሙ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ እኛም የእነሱን ስንሰማ እንዲሁ ነው። ታላቁ መሐመድ ዋርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 በአዲስ አበባ ሲዘፍን ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። በስደት ቆይቶና የኩላሊት ሕመም ደርሶበት ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም መዝፈኑን አልተወም፤ በ2012 ሲያርፍ ሱዳን በሙሉ አዘነ። ከሩቅ ዓለም ደግሞ ሮሊንግ ስቶንስ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተ ባንድ ነው። ድምፃዊው ሚክ ጃገር በ2019 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በ2024 በሰማንያ ዓመቱ የአሜሪካ ስታዲየሞችን ዞሯል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም እንዲህ አይሳካለትም። በድሮ ስሙ ብቻ ትኬት የሚሸጥ፣ ሳይለማመድ የሚወጣ፣ ከኋላ የተቀዳ ድምፁ እየዘፈነ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስም አለ። «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» የሚለው ተረት ለእንዲህ ዓይነቱ ይሠራል። ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። የድሮውን ድምፅ ካልሰማን ብለን የምንጨቀጭቀው እኛ አድማጮችም ወደ ፕሌይባክ እንገፋዋለን። በእርጅና የሰለለ እውነተኛ ድምፅ ከሚያታልል ጥሩ ቅጂ ይሻላል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ከመዝናኛ በላይ ነው። ልጆቻችን ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ ዓረብኛ እየሰሙ ያድጋሉ። ዘፈኖቻችንን የሚያውቁት በስልክ ነው፤ ክራር ሲቃኝ አጠገቡ ቆሞ ያየ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ባንድ አስመጥተን እንሰማለን ማለት ከባድ ነው። በመተማና በገላባት በኩል አልፈው እዚህ የኖሩት፣ ከካርቱም ተፈናቅለው የመጡትም አንጋፋዎች ግን በመካከላችን አሉ። እነሱ የሚያውቁትን ካሴት አያስተምርም። ካሴት «እዚህ ጋ ዘገየህ» ብሎ ተማሪን አያርምም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት በዓል የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለአንጋፋዎቻችን አራት ወይም አምስት ዘፈን የሚሆን ጊዜ ይሰጣቸው። የሚቀመጡበት ወንበር፣ በአጠገባቸውም ውኃ ይኑር። ዜማው ለድምፃቸው በሚመች ከፍታ ይቃኝ። ከበሮውንና ተቀባይነቱን ተማሪዎች ይያዙ፤ ለዚህም ቢያንስ ለአንድ ወር በየሳምንቱ አብረው ይለማመዱ። በዚያ ሰዓት የተቀዳ ድምፅ አይለቀቅ። ወላጆች ልጆቻችሁን ለልምምዱ ፍቀዱላቸው፤ መምህራን አንድ ክፍል ክፈቱልን። ተማሪዎች ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ከፊት ወንበር ተቀምጣችሁ ስሙ። ከዚያ በኋላም ካሴቱ ይሻላል የምትሉ ከሆነ፣ በሚቀጥለው መጽሔት ጻፉልንና እንከራከር።