የገብረ ጉንዳን ሰልፍና የኢፍጣር ማዕዳችን

ቅዱስ ቁርኣን 27ኛውን ምዕራፍ፣ ሱረቱ አን-ነምልን፣ በጉንዳን ስም ሰይሞታል። የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ሠራዊት ሳያውቅ እንዳይረግጣቸው ወገኖቿን ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ያስጠነቀቀችውን ጉንዳን ልጆቻችን ሁሉ ያውቋታል። ትልቅ ትሁን ትንሽ ግን አልተነገረንም።

ይህን ያነሳነው ሰሞኑን ስለ ቤት ሠራተኞች ስንጨዋወት «ጉንዳንም እኮ በየደረጃው ነው፤ ትንሹ ይሠራል፣ ትልቁ ይመራል» ሲባል ስለሰማን ነው። ነገሩ ልክ አይደለም።

ገብረ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ቆም ብሎ ያየ ሰው ያውቃል። ትንንሾቹ መሃል መሃሉን ይተማሉ፤ መንጋጋቸው እንደ ጉጠት የሆነው ባለ ትልቅ ራሶች ዳርና ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። አለቃ የለም። ንግሥቲቱ እንኳ እንቁላል ትጥላለች እንጂ አታዝም። ትልልቆቹን ትልቅነታቸው ያተረፈላቸው ቢኖር አደጋን ቀድሞ መጋፈጥ ነው። ደግሞም ትልቋም ትንሿም ሠራተኛ ሴት ናት፤ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። የዘር ድርሻ የሚታይባቸው ዝርያዎች ቢኖሩም፣ በአብዛኞቹ ጉንዳኖች የመጠን ልዩነቱ በዋናነት የሚመጣው እጭ ሳሉ ከሚመገቡት ነው። ብዙ የበላችው ትገዝፋለች፣ ጥቂት ያገኘችው ታንሳለች። ታዲያ ይህ የማንን የበላይነት ያስረዳል?

ወደ ቤታችን እንምጣ። ከዐስር ሶላት ጀምሮ ሳምቡሳ የምትጠቀልለው፣ ሾርባውን የምታማስለው ልጅ እሷም ጾመኛ ናት። አዛን ሲል እኛ ምንጣፉ ላይ ተምር እንቀባበላለን፤ እሷ ማድቤት ቆማ በውሃ ታፈጥራለች። የምትቀመጠው እኛ ለመግሪብ ስንነሳ ነው፣ ያውም ከተረፈው። ሴቶች ልጆቻችንም ብዙ ጊዜ ከእሷ ጋር ናቸው፤ ወንዶቹ ስልካቸው ላይ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብ ያቀረበልንን አገልጋይ አብረን እንድናስቀምጥ፣ ካልሆነም ከዚያው ምግብ እንድናጎርስ ማዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። ሐዲሱን እናውቀዋለን፤ የቸገረን የመቀመጫው ቦታ ነው።

ከመካከላችን አንድ ቤተሰብ ባለፈው ሳምንት ሞከረው። ልጅቷ «የመጨረሻዎቹን ላውጣና» ብላ አልቀመጥ ስትል የቤቱ ትልቁ ወንድ ልጅ ጭልፋውን ተቀበላት። ሁለት ሳምቡሳ አረረ። ተበላ።