ባሕሩን አይተን ሰዉን ሳናይ

ከአስጎብኚ ጋር መዞር የሚያጣጥሉ ወዳጆች አሉን። “ከተማ በእግር ነው የሚታየው” ይላሉ። እኛ ደግሞ ጥፋቱ የአስጎብኚው ሳይሆን የእኛ የጎብኚዎቹ ነው እንላለን።

ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውንን በአንድ ቀን ልናይ አንድ ጎልማሳ አስጎብኚ ከነመኪናው ያዝን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያልነው ነገር ቢኖር “እዚህ ጋ ያቁሙልን፣ ፎቶ እንነሳ” ነው። 1,086 ሜትር ከፍታ ያለውን ቴብል ማውንቴንን በኬብል ካር ወጣን፤ ቦልደርስ ዳርቻ ፔንግዊኖቹን አየን። ውብ ከተማ፣ ሰው የሌለባት!

ከዚያ ከመሃላችን አንዷ “እርስዎ የት ሰፈር ነው ያደጉት?” አለቻቸው። ፈገግ ብለው መኪናውን አዞሩት።

የወሰዱን ወደ ዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ነው። የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ሰፈሩን “ለነጮች ብቻ” ብሎ አወጀ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ፣ ቤቱም በቡልዶዘር ፈረሰ። ሙዚየሙ ወለል ላይ የድሮው ሰፈር ካርታ ተዘርግቷል፤ ነዋሪዎቹ የነበሩበትን ቦታ በእጃቸው ጽፈውበታል። አስጎብኚያችን ጎንበስ ብለው የወላጆቻቸውን መንገድ በጣታቸው አሳዩን። ካሜራ ያወጣ አልነበረም።

አስጎብኚ ስትይዙ ዋጋ ተከራከሩ፣ መብታችሁ ነው። ግን የት እንዳደጉም ጠይቋቸው። ያ ጥያቄ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።