የደሴ ደም፣ የኮምቦልቻ ደም

ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 ይደርሳል። ጋቢ የሚያስደርበውን ብርድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የአየሩን መሳሳት ግን ኩላሊትም ያውቀዋል።

በኩላሊት ሴሎች ውስጥ "ሂፍ" የሚባል ፕሮቲን አለ። ኦክስጅን ሲበቃ ወዲያው ይፈርሳል፤ ሲያንስ ተርፎ ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያሠራውን ጂን ይቀሰቅሳል። (ይህን የደረሱበት ሦስት ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል።) ሆርሞኑ የአጥንት መቅኔ ሲደርስ ቀይ የደም ሴሎች ይበዛሉ። እዚያም "ጋታ 1" የተባለ ሌላ ፕሮቲን አለ፤ እሱ ካልሠራ ለጋው ሴል ቀይ ሆኖ አይበስልም።

ለወላጅ ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ስለሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያው በከፍታ እንዲስተካከል ይመክራል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ለጥቂት "ደህና" የተባለ ቁጥር ደሴ ላይ ማነስ ሊባል ይችላል። የእኛ ደገኛ ግን ለዚህ ሕግ እሺ ብሎ አያድርም፦ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች የተለየ አልነበረም።

የልጅዎን ውጤት ሲቀበሉ "ከፍታው ታስቦ ነው?" ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። ሆርሞኑ ቢትረፈረፍም ብረት ከሌለ ሄሞግሎቢን አይሠራምና፣ ከምግብ ጋር የሚቀርበውን ሻይ ለሌላ ሰዓት ያቆዩት፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።